አልነሳም ላለች መኪና ከኪስ በፊት ጆሮ ይከፈታል

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም። ቢሆንም ጥርጣሬ አለበት፣ ኩርፊያ አለበት፣ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» «ኧረ እኔ አይደለሁም» የሚባል ክርክር አለበት። መሐል ቆማ ሁለቱን ሰዎች የምታጣላው ደግሞ መኪና ናት። አፍ የላትም፤ ድምፅ ግን አላት። ለዛሬ የምንሰማው እሱን ድምፅ ነው።

ደብዳቤውን የላከልኝ የ26 ዓመት ወጣት ነው። የሚነዳው የሰው ቪትዝ ነው። በስልክ ሲጠሩት ሰው ያደርሳል፣ ለባለቤቱ የተስማሙበትን በየቀኑ ገቢ ያደርጋል፣ የተረፈችውን ይዞ እናቱና ተማሪ እህቱ ዘንድ ይገባል። ደብዳቤው ረዘም ይላል፤ ዋናውን ልንገራችሁ።

«መኪናዋ ጠዋት ጠዋት በአንድ ቁልፍ ነው የምትነሳው። ችግሩ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው አድርሼ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሜ ቁልፍ ሳዞር ‹ጠ› ትልና ጸጥ። መብራቱ ደማቅ ነው፣ ሬዲዮውም ይሠራል። አምስት ስድስት ጊዜ ስሞክር ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ባለቤቱ ‹ቆመህ ሙዚቃ እየሰማህ ባትሪ ጨረስክብኝ› ብለው ከአራት ወር በፊት አዲስ ባትሪ አስገቡ፤ ግማሹን ዋጋ ካስያዝኩት ብር ላይ ቆረጡ። ችግሩ ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ እሳቸው የላኩት መካኒክ ‹ሞተሪኖው ሞቷል፣ ሙሉው ይቀየር› አለ። ‹ግማሹን አምጣ፣ አለበለዚያ ቁልፉን አስረክብ› ተብያለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል። ጥፋቱ የኔ ነው? ልክፈል?»

ወንድሜ፣ መልሱን ከመጨረሻው ልጀምርልህ። አሁን አትክፈል። ግን «አልከፍልም» ብለህም አትጣላ። በመጀመሪያ ይለካ። እስካሁን ባንተም በባለቤቱም ኪስ ላይ የተፈረደው በግምት ነው፤ በግምት የሚቀየር ዕቃ ደግሞ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ሌሎቹም አንባቢዎች እንዲጠቀሙበት ከሥሩ እናስኪደው።

የኤሌክትሪኩ ጉዞ

ቁልፍ ስናዞር ምን ይሆናል? ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሳና በወፍራሙ ኬብል ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞራል። ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም፤ ኤሌክትሪክ የሄደበትን ያህል መመለስ አለበት። የሚመለሰው በራሱ በሞተሩ ብረት አድርጎ፣ መካኒኮች «ማሳ» በሚሉት ኬብል በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ነው። ብዙ ሰው መሄጃውን ያያል፤ መመለሻውን ይረሳል።

«መብራቱ ደማቅ ከሆነ ኤሌክትሪክ አለ ማለት አይደለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ምን ያህል? ሬዲዮና የዳሽቦርድ መብራት የሚፈልጉት ጥቂት አምፔር ነው። ሞተሪኖው ግን በአንዴ ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። ጠብ ጠብ የምትል ቧንቧ ብርጭቆ ትሞላለች፤ ገላ ግን አትታጠቡባትም። የዛገ ኬብልም እንደዚያች ቧንቧ ነው። ለሬዲዮ ይበቃል፣ ለሞተሪኖ አይበቃም።

ሦስቱ ድምፆች

መኪና አልነሳ ስትል ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት፣ «የማውቀው መካኒክ አለ» የሚለው ጎረቤትም ከመምጣቱ በፊት ሬዲዮውን አጥፉና መስኮቱን ዝጉ። ከዚያ ቁልፉን አዙሩና አድምጡ።

አንደኛው፣ «ጠ ጠ ጠ ጠ» እያለ እንደ ጽሕፈት መኪና የሚንጣጣ ድምፅ ነው። መብራቱም አብሮ ይደበዝዛል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ነው፤ ወይም የባትሪው ራስ ላይ ያለው መያዣ ላልቷል፣ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር በልቶታል። አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት መያዣውን በእጃችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ችግራችሁ የአንድ ብሎን ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ጠ» ብሎ ጸጥ የሚል ነው። መብራቱ አይደበዝዝም። ይሄኔ ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ ደርሷል፤ ኃይሉ ግን አልደረሰም። ወይ ወፍራሙ ኬብል፣ ወይ ማሳው፣ ወይ ሞተሪኖው ራሱ ነው። ፈጽሞ ድምፅ ከሌለና መኪናዋ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ከ«ፒ» ወደ «ኤን» አውጡና ሞክሩ። አውቶማቲክ መኪና በነዚህ በሁለቱ ላይ ካልሆነች ሆን ተብሎ እንዳትነሳ ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ የማርሹ ስዊች ትንሽ ሲዛነፍ «ፒ» ላይ እያለች እንኳ «አይደለሁም» ትላለች።

ሦስተኛው፣ ሞተሪኖው በደንብ «ውር ውር ውር» እያለ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። እዚህ ላይ ባትሪና ሞተሪኖ ነጻ ናቸው፤ በነፃ ይሰናበቱ! የጎደለው ነዳጅ ነው ወይም እሳት ነው። ነዳጅ ጠቋሚው ይዋሻልና አትመኑት። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙራችሁ ከኋላ ወንበር በኩል የፓምፗን ሁለት ሰከንድ ያህል የምትቆይ እምምታ አድምጡ። ዝም ካለች መጀመሪያ የሷን ፊውዝ እዩ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም፤ ተለዋጩን ቁልፍ ሞክሩ። በየትኛውም መንገድ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይዛችሁ አትቆዩ። ለአንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉና ድገሙ። ያለ ፋታ የሚንገላታ ሞተሪኖ ይግላል፤ ያኔ የሌለ በሽታ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ወደ ልጃችን ስንመለስ

አሁን ደብዳቤውን እንደገና አንብቡት። ልጁ ሳያውቀው ምርመራውን ጨርሶታል!

ሙዚቃ የጨረሰው ባትሪ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ መቼ ነበር የምታስቸግረው? ጠዋት ነዋ! ሌሊቱን ስትቀዘቅዝ አድራ፣ የሞተሩ ዘይት ወፍሮ፣ የባትሪውም ጉልበት በብርድ ቀንሶ፤ ደካማ ባትሪ የሚጋለጠው ያኔ ነው። የሱ መኪና ግን ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ስትሞቅ ነው የምታኮርፈው። መብራቱ ይደምቃል፣ ድምፁ አንድ ነው። ይሄ ሁሉ ወደ ባትሪ አያመለክትም። ከአራት ወር በፊት ተነቅሎ የሄደው ባትሪም ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩ ሲግል የኬብልና የብረት መቋቋም ይጨምራል፤ ቀድሞውንም የተበላ ማገናኛ ያን ጊዜ አቅሙ ያልቃል። ሞተሪኖውም ቢሆን ውስጡ ያሉት መዳቦች ተበልተው ከሆነ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይስታል።

ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኬብል፣ በተለይ ማሳው። ሁለተኛው ሞተሪኖው። ሁለቱን የሚለየው ምላስ ሳይሆን መልቲሜትር ነው። ይቺ ዕቃ ትንሿ ዓይነት ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር ከቁጥር አትገባም። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሁሉ እጅ ላይም መኖር አለባት። የሌለው ኤሌክትሪሺያን ካጋጠመህ፣ ወንድሜ፣ ሰላም ብለህ እለፈው።

አለካኩ እንዲህ ነው። መልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። መኪናዋ «ፒ» ላይ ትሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ።

መጀመሪያ ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሁለቱን የባትሪ ራሶች ለካ። መኪናዋ አድራ ከሆነ 12.6 አካባቢ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባትሪው ተርቧል።

ቀጥሎ መኪናዋ አልነሳ ባለችበት ሰዓት፣ ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ፣ እዚያው ላይ ለካ። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ሸክም አይችልም፤ ጓደኞቼ ሆይ፣ ያኔ ባትሪ ብትሉ እሺ። 12 አካባቢ ከቆመ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ «ኃይል አለኝ፣ የሚቀበለኝ አጣሁ» እያለ ነው።

ሦስተኛውን አብዛኛው ሰው አይለካውም። አንዱን ጫፍ ነጌቲቩ ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለም የሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ አድርገህ አሁንም ቁልፉ ይዙር። በጤነኛ መኪና እዚህ ላይ የምታየው ቁጥር እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቮልት ካሳየህ ሌባው ተያዘ፤ ማሳው ነው። ኬብሉን ፈትቶ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ መልሶ ማጥበቅ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ካልበቃው አንድ ኬብል መግዛት ነው።

ይሄኛው ደህና ሆኖ ባትሪውም 12 ላይ ከቆመ የቀረው የፖዘቲቩ ኬብልና ሞተሪኖው ነው። እሱን መለካት ከሥር መግባት ስለሚጠይቅ ለባለሙያው ተው። ሞተሪኖው ሆኖ ቢገኝ እንኳ «ሙሉው ይቀየር» የሚለውን እንደ ወንጌል አትቀበል። የሚያልቁት ብዙ ጊዜ በውስጡ ያሉት ካርቦኖችና ሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት መዳቦች ናቸው። እነሱን ብቻ መቀየር የሚችል ባለሙያ ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ሶማሌ ተራ ገብቶ ከየትኛው መኪና እንደተፈታ የማይታወቅ ሞተሪኖ ከማምጣት የራስህን አሳድሰህ መግጠም ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። መኪናዋን ጠዋት ቀዝቅዛ እያለች ጋራዥ አትውሰዳት። ጠዋት ሁሉም ቁጥር ደህና ይሆንና አንተ ውሸታም ትባላለህ። ከሰዓት በኋላ ሠርታ፣ ሞቃ፣ እያኮረፈች ሳለ ነው መለካት ያለባት። ሐኪም ቤት ትኩሳቱ ከለቀቀህ በኋላ ብትሄድ ምን ያገኛሉ?

ማን ይክፈል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ጥፋቱ ያንተ ነው ወይ? ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን አይደለም። ኬብል በዕድሜ ይዝጋል፤ መዳብና ካርቦን በየዕለቱ ቁልፍ ሲዞር ያልቃል። ካንተ በፊት የነዱትም ቁልፍ አዙረዋል። መብራት ሳታጠፋ አድረህ ባትሪ ብትጨርስ፣ የጎደለ ዘይት እያየህ ብትነዳ ያ ያንተ ነው፤ ወንድ ሁን፣ ክፈል። በዕድሜ ያለቀ ዕቃ ግን የባለንብረቱ ነው።

ይህንን ስልህ ግን ሰውየውን ክፉ አድርገህ እንዳትስላቸው። እሳቸውም በማያስፈልግ ባትሪ ብራቸውን አውጥተዋል። ሁለታችሁንም የጎዳችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሳይለኩ መቀየር። ስለዚህ በስልክ አትጨቃጨቅ። ፊት ለፊት ሂድና «ጋሼ፣ ልከራከርዎት አይደለም የመጣሁት። ብርዎ እንደገና በከንቱ እንዳይወጣ ነው። እሷ ባኮረፈች ሰዓት ልደውልልዎት፤ እርስዎ ከመረጡት ባለሙያ ጋር አብረን ቆመን እናስለካ» በላቸው። ሦስቱን ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጻፏቸው። ቁጥር አይቆጣም፣ ዘመድም የለው፤ ለሽማግሌ ይመቻል። ማሳው ሆኖ ከተገኘ ከተያዘብህ ብር ላይ የተቆረጠው የባትሪ ዋጋ ጉዳይ ራሱን ችሎ ይነሳል፤ አንተ ባታነሳው እንኳ ወረቀቱ ያነሳዋል። ለወደፊቱም የሚያልቅ ዕቃ በማን፣ በቸልተኝነት የተበላሸ በማን እንደሆነ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ሁሉንም አድርገህ ሰውየው ባይሰሙህስ? ያን ጊዜ ቁልፉን በሰላም አስረክብ። ግን ባልተለካ ነገር ተበድረህ አትክፈል። የእህትህን የትምህርት ቤት ብር ለግምት አትገብር።

ከሌሎች ደብዳቤዎች

አንዲት እህታችን ደግሞ የአባቷን ዲኤክስ ነው የምትነዳው። «ክረምት ሲመጣ ጠዋት ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ፀሐይ ሲወጣ ይነሳል፤ ወንድሞቼ ይሸጥ እያሉ ነው» ትላለች። እህቴ፣ ለእርጥበት ብለሽ የአባትሽን መኪና አትሽጪ። በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለችውን ጠግኖ መያዝ ብልህነት ነው። ባንቺ መኪና ላይ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር የሚባለው ነው። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ሲገባ ወይም ስንጥቅ ሲኖረው እሳቱ መንገዱን ይስታል። ሞተሩ ጠፍቶ ክዳኑን አስፈቺና በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ስንጥቅ ካለው ይቀየር። የካንዴላ ገመዶቹም አርጅተው ከሆነ በጨለማ ሞተሩ ሲሠራ ሰማያዊ ብልጭታ ይታይባቸዋል። በእጅሽ ግን አትንኪያቸው፤ ይመታሉ።

ሌላው አንባቢ «ሁለት ሦስት ቀን ሳልነዳ ከዋልኩ ባትሪው ሞቶ አገኘዋለሁ፤ ባትሪው አዲስ ነው» ይላል። አንተ ቤት ሌሊት የሚበላ አለ። የኋላ ዕቃ መጫኛው መብራት ሳይጠፋ የሚያድር ቢሆን አምፑሉ 5 ዋት ብቻ ቢሆንም በ24 ሰዓት 10 አምፔር-ሰዓት ያህል ይበላል። ባትሪህ ባለ 45 ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። ስልክህን ቪዲዮ እየቀረጸ እዚያ ውስጥ አስቀምጠህ ዝጋው፤ መብራቱ ጠፍቶ እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። እሱ ካልሆነ በኋላ የተጨመረ ሬዲዮ፣ አላርም ወይም ጂፒኤስ ይጠርጠር። መኪናዋ ተኝታ የምትበላው ከ50 ሚሊአምፔር ባይበልጥ ይመረጣል። ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ለክቶ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ በላተኛውን ያገኘዋል።

«ዲናሞው መሙላቱን በምን አውቃለሁ?» ላልከውም፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ይሞላል። ከ13 በታች ከሆነ ወይ ቺንጋው ላልቷል ወይ ዲናሞው ደክሟል። ከ15 ካለፈ ደግሞ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። እየነዳህ የባትሪው ምልክት ቦግ ካለና የሙቀት ጠቋሚውም አብሮ ከወጣ «ቤት ልድረስ» አትበል፤ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በብዙ መኪኖች ውሃውን የሚያዞረውም እሱ ነውና ሞተሩን አጥፋ።

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛች አንባቢ ደግሞ «ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው፣ መኪናዋ ግን አልነቃ አለች፣ በሩም በርቀት አልከፍት አለኝ» ትላለች። አትደንግጪ። አብዛኛዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንደ ድሮዋ ቮልስ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ኮምፒዩተሩን የሚቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ «ና፣ ተገናኝ» የሚለው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሞልቶ ቢፈስም አይሰማም። ትንሿን ባትሪ አስለኪ። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ወፍራም ገመድ ግን ያልሠለጠነ ሰው በፍጹም እንዳይነካው፤ ሕይወት ያጠፋል።

እነዚህን አታድርጉ

የመንደር ባለሙያ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ሲላችሁ እጁን ያዙት። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልት በድንገት ይዘላል፤ በዛሬ መኪና ላይ ኮምፒዩተሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በሽቦ አትተኩት። 10 ቀይ ነው፣ 15 ሰማያዊ ነው፣ 20 ቢጫ ነው፣ 30 አረንጓዴ ነው። የተቃጠለው ቀይ ከሆነ የሚተካው ቀይ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በሽቦ ስትተኩት ቀጥሎ የሚቃጠለው መኪናው ነው።

ከሌላ መኪና ባትሪ ስታስነሱ መኪኖቹ አይነካኩ፣ ሁለቱም ይጥፉ። ቀዩን መጀመሪያ በሞተው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከዚያ በጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ አስሩ። ጥቁሩን በጤነኛው ነጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻዋን ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። ባትሪ ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻዋ ጫፍ ስትነካ ብልጭ ትላለች፤ ጋዝና ብልጭታ ሲገናኙ ባትሪው ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ ጤነኛው ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ ቀጥሎ የሞተውን ሞክሩ። ስትፈቱ በተቃራኒው ነው። የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ባትሪ ላይ ይህን አትሞክሩ።

የባትሪውን ራስ ስታጸዱ መጀመሪያ የሚፈታው ነጌቲቩ ነው፤ መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሹት፣ አድርቁት፣ አጥብቁት፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ያ ዱቄት አሲድ አለበት። ብዙ መኪኖች ላይ አንድ 10 ቁጥር ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። ወንድሞቼ፣ ይህቺ ግማሽ ሰዓት የማትሞላ ሥራ ስንቱን ባትሪ ከአለቀሽ ፍርድ አድናለች መሰላችሁ!

አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ አይነሳም። የሰፈሩን ልጆች በከንቱ አታድክሙ። ባለ ፍሪሲዮን ከሆነ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ትገፋላችሁ፤ ስትፈጥን ትለቃላችሁ። ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳልና ቁልቁለት ላይ ተጠንቀቁ።

እንግዲህ ለዛሬ ይብቃን። ያ ወጣት የሦስቱን ቁጥሮች ውጤት እንዲጽፍልኝ እጠብቃለሁ፤ ከደረሰኝ ሌሎቻችሁም እንድትማሩበት አካፍላችኋለሁ። እናንተም መኪናችሁ ስታኮርፍ ምን ድምፅ እንዳሰማች፣ ጠዋት ይሁን ማታ፣ ቀዝቅዛ ይሁን ሞቃ ጨምራችሁ ጻፉልኝ። «አልነሳ አለች» ብቻ ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው «አሞኛል» ብቻ ብሎ ሐኪም ቤት እንደሚገባ ሰው ነው። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ።